መድፉ ብቻውን አልተኮሰም

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። "አንተ መድፍ ምናምን ትወዳለህ፣ እስቲ እየው" ይላል መልእክቱ። ጽሑፉ ስለ እንግሊዞቹ 5.5 ኢንች መድፍ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የኮመንዌልዝ ጦር ዋና መካከለኛ መድፍ ስለነበረው። በአማርኛ ስለ መድፍ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንደ ጥር ዝናብ ብርቅ ነው። ስለዚህ ቡናዬን ይዤ፣ ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። ስጨርስ ቡናው ቀዝቅዟል፤ እኔ ግን ጦፌያለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የመድፉ ስም የመጣው ከክብደቱ ነው። የተፈጠረው የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳይ በባሕር ሸሽቶ ከወጣበት ከዳንኪርክ ሽንፈት በኋላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ቀንዶች ርግጫውን፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል፣ ያበርዳሉ። ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ የጀርመኑን የጦር አዛዥ ሮሜልን የሰበረው እሱ ነው፤ ከረን ላይ ጣሊያንን ያንበረከከውም እሱ ነው። በዘመኑ አቻ አልነበረውም። አራት ሰው በቀላሉ ይተኩሰዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ ሙዚየም ገባ። አንድ በአንድ ልሂድባቸው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፤ አንዳንዱ ወንበር ስበን እንድንቀመጥ ይፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከስሙ እንጀምር። 5.5 የተባለው 5 ቶን ተኩል ስለሚመዝን ነው ይላሉ። አይደለም። መድፉ ከነሰረገላው 6 ቶን ከ200 ኪሎ ገደማ ነው። 5.5 የአፈሙዙ ስፋት ነው፣ በኢንች። በእኛ መለኪያ 140 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። እንግሊዞች መድፍ ሲሰይሙ ሰው ማደናገር ይወዳሉ። 25 ፓውንደር የሚሉት መድፍ የተሰየመው በጥይቱ ክብደት ነው። 5.5 ኢንቹ ደግሞ በአፈሙዙ። ሁለቱ ባንድ ጦር ውስጥ፣ ባንድ ግንባር፣ ጎን ለጎን ቆመው የተዋጉ ናቸው። አንዱን ልጅ በኪሎው፣ ታናሹን በቁመቱ እንደ መጥራት ነው።

ቀጥሎ የልደት ታሪኩ። "ከዳንኪርክ ውርደት የተወለደ መድፍ" የሚለው አባባል ለፊልም ይሆናል። እውነቱ ግን የቢሮ ወረቀት ነው። የእንግሊዝ ጦር የአዲሱን መድፍ መስፈርት ያወጣው በጃንዋሪ 1939 ነው። ጦርነቱ የፈነዳው ከዚያ 8 ወር ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር። ዳንኪርክ ደግሞ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ 1940። ስለዚህ መድፉ በወረቀት ላይ የተፀነሰው ዳንኪርክን ማንም ሳያልማት ነው።

ለምን ተፈለገ? ጦሩ እስከዚያ ድረስ የሚጠቀመው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን 6 ኢንች ሀውተዘር ነበር፤ ሀውተዘር ጥይቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የሚወረውር መድፍ ነው። እሱ ደግሞ ርቀቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። አዲሱ 100 ፓውንድ ጥይት፣ ማለትም 45 ኪሎ፣ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል እንዲልክ ተጠየቀ። "በጥቂት ወራት" የሚለውም አያስኬድም። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መድፉን የተረከቡት በ1941 የእንግሊዞቹ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት ያለው)፣ እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። ከወረቀቱ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። ዳንኪርክ ያደረገው ችግሩን ማባባስ ነው። ጦሩ አብዛኛውን መድፉን ፈረንሳይ ጥሎ ስለወጣ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ አስቸኳይ ሆነ።

ቀንዶቹን ቶሎ ልለፋቸው፤ ግን ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። በመድፉ ፎቶ ላይ ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ቱቦዎች ይታያሉ። ጸሐፊው ርግጫ ማብረጃ ናቸው ይላሉ። ርግጫውን የሚውጠው ግን ሌላ ዕቃ ነው። በዘይትና በታመቀ አየር የሚሠራ፣ ከአፈሙዙ ጋር የተጋደመ ነው። ቀንዶቹ ሚዛን ጠባቂ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈሙዙ ወደ ላይ ሲቀና ኋላው መሬት እንዳይነካ፣ ርግጫውም ቦታ እንዲያገኝ፣ ማጠፊያው ወደ ኋላ ተጠግቶ ነው የተሠራው። ያኔ ታዲያ ፊቱ ይከብዳል። ያን ሁሉ ብረት በእጅ መዘውር ማንሳት አይታሰብም። ስለዚህ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ክብደቱን ይካፈላል። የሚኒባስ ታክሲ የኋላ በር አይታችኋል? ትንሽ ስትገፉት ቀሪውን ራሱ ይነሳል። መደገፊያው ሲሞት ደግሞ ረዳቱ ዱላ ያስደግፈዋል። ቀንዶቹ ማለት ያ መደገፊያ ናቸው፤ ያልሞተው።

አሁን ወደ ኤል አላሜይን። "በመቶዎች የሚቆጠሩ 5.5 ኢንች መድፎች ባንዴ ሲያገሱ የሮሜል ጦር ፈረሰ" የሚለው ዓረፍተ ነገር የጽሑፉ እምብርት ነው። ሲነበብ ያምራል። እስቲ እንቁጠር።

ኦክቶበር 23 ቀን 1942፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40። ጨረቃዋ ሞልታለች። ወደ 900 የሚጠጉ የእንግሊዝ መድፎች ባንዴ ተኩስ ከፈቱ። ከነዚህ ውስጥ ከ800 በላይ የሚሆኑት 25 ፓውንደር ናቸው። መካከለኛ የሚባሉት ሁሉም ተደምረው 50 ገደማ ቢሆኑ ነው። ከነሱም ብዙዎቹ 5.5 ሳይሆኑ 4.5 ኢንች ነበሩ። 5.5 ኢንቹ ከ20 አይበልጥም። ሃያ! "በመቶዎች" ከየት መጣ?

ሮሜልም ቢሆን በዚያች ማታ እዚያ አልነበረም። ታሞ ኦስትሪያ ፈቃድ ላይ ነበር። ጦሩን የሚመራው ጄኔራል ሽቱመ የሚባል ሰው ነው፤ እሱም በማግሥቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሮሜል የተመለሰው በ25ኛው ቀን ነው። ታዲያ በዚያች ማታ 5.5ቱም አልበዛ፣ ሮሜልም አልነበረ።

ይህን ስል መድፉ ዋጋ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተኩስ የወረደው እግረኛ ላይ አልነበረም፤ የጀርመንና የጣሊያን መድፎች ላይ ነበር። እግረኛው ፈንጂ አጥሩን ጠርጎ ሲያልፍ ከፊት የሚቀበለው መድፍ ዝም እንዲል። የጠላት መድፍ የት እንዳለ ደግሞ ቀድሞ ተጠንቷል። ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ፣ የአፈሙዝ ብልጭታ በመልቀም፣ በድምፅም ጭምር። የድምፁ ዘዴ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማይክሮፎኖች በረድፍ ይተከላሉ። የመድፉ ድምፅ እያንዳንዱ ጋ የሚደርስበት ቅጽበት ይለያያል። ከዚያች ልዩነት ተነስተው መድፉ የቆመበትን ቦታ ካርታ ላይ ያወጡታል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የ25 ፓውንደር 11 ኪሎ ጥይት ምሽግ ውስጥ የገባ መድፍን ሊያስፈራራ ይችላል። 45 ኪሎው ሲወርድበት ግን ጨዋታው ሌላ ነው። 5.5 ኢንቹ የሚወደስ ከሆነ በዚህ ይወደስ።

ከረን ላይ ስደርስ ግን እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ታሪክ ስለሆነ መሰለኝ። ጸሐፊው "የከረንን ተራሮች የናደው ይኸው 5.5 ኢንች ነው" ይላሉ። የከረን ውጊያ የተካሄደው ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች 27 ቀን 1941 ነው። መድፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጦር ክፍል የታደለው መቼ ነው አልን? በ1941 በጋ፣ እንግሊዝ አገር። ወደ አፍሪካ የመጣው ደግሞ በ1942 ነው። ያልተወለደ ልጅ በአባቱ ሠርግ ላይ ጨፈረ እንደ ማለት ነው።

ከረን ላይ ምን ነበር? ከአቆርዳት የሚመጣው መንገድና የባቡር ሐዲዱ ወደ ከተማዋ የሚገቡት በዶንጎላስ ገደል በኩል ነው። ግራና ቀኙ ተራራ ነው፤ ሳንኪል፣ ዶሎጎሮዶክ። ከላይ የጄኔራል ካርኒሜዮ ጦር ተቀምጧል። የጣሊያን ግሬናዲየሮች፣ አልፒኒ የሚባሉት የተራራ ወታደሮች፣ የኤርትራ አስካሪዎችም አሉበት። ከታች የጄኔራል ፕላት ጦር አለ፤ 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች። የእንግሊዝ መድፍ በብዛት 25 ፓውንደር ነው፤ ከሱ ጋር ከድሮው ጦርነት የተረፉ ጥቂት መካከለኛ መድፎች። ብዙ ጥይት ተተኩሷል፣ አልክድም። ተራራ ግን በመድፍ አይናድም። ከጀርባው ያለውን ሰው የመድፍ ጥይት በቀላሉ አያገኘውም። ድንጋዩን ቧጦ መውጣት የነበረበት እግረኛው ነው። ወጥቶም ብዙ ጊዜ ተመልሷል። ወደ ሁለት ወር የፈጀውም ለዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው የጌዴዎን ጦርም መድፍ አልነበረውም። የነበረው ጥቂት ሞርታር ነው። ቡሬንና ደብረ ማርቆስን ያስለቀቀው በአርበኞች ድጋፍ፣ በሌሊት ወረራና በማታለል ነው። ስለዚህ ለ1941ዱ የእኛ ታሪክ የግድ መድፍ እንፈልግለት ከተባለ፣ 5.5 ኢንቹን ተዉት። እሱ ገና አልደረሰም።

"በዘመኑ አቻ ያልነበረው" ወደሚለው እንሻገር። እዚህ ላይ ቁጥር ይናገር። የ5.5 ኢንቹ ጥይት 45 ኪሎ ነው፣ ርቀቱ ከ14 ኪሎ ሜትር ተኩል ትንሽ ያልፋል። የአሜሪካኖቹ 155 ሚሊ ሜትር ሀውተዘር 43 ኪሎ ጥይት ይልካል፤ ርቀቱ ያው 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከ5.5 ኢንቹ ግማሽ ቶን ያህል ይቀላል። የጀርመኖቹ 150 ከ13 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ እሱን በርግጥ በልጦታል። የሶቪየቶቹ 152 ሚሊ ሜትር ኤምኤል 20 ግን 43 ኪሎ ተኩሉን ጥይት ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ይልከዋል። ከ7 ቶን በላይ ስለሚመዝን መጎተቱ ያስቸግራል እንጂ በርቀት ጥሎት ሄዷል።

እንግሊዞቹም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። በኋላ 80 ፓውንድ የምትመዝን ቀለል ያለች ጥይት ሠሩ፤ 36 ኪሎ ገደማ ናት። ከተጨማሪ ባሩድ ጋር ስትተኮስ ርቀቱ 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ደረሰ። ይህ ጥሩ መድፍ ነው። ጠንካራ ነው፣ ብዙ አይበላሽም፣ ጥይቱ ከባድ ነው። "አቻ የሌለው" ግን አይደለም። አቻዎቹን ከላይ ቆጠርኳቸው።

መንታ እህትም ነበረችው፤ ጽሑፉ ውስጥ ጨርሳ የለችም። 4.5 ኢንች መድፍ ትባላለች። ሰረገላቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ከላይ የሚቀመጠው አፈሙዝ ላይ ነው። እሷ ከ18 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትተኩሳለች። ጥይቷ ግን 55 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ኪሎ ብቻ ነው። በርቀት እሷ ታሸንፋለች፤ የወደቀበትን ቦታ በማድቀቅ እሱ ያሸንፋል። ጦሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክሮ ከባዱን ጥይት መረጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ እሷ ተረሳች፣ እሱ ቀጠለ። ይህቺን እህት ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

"አራት ሰው በቀላሉ ይተኩሰዋል" ለሚለው አጎቴን ልጥራ። ጋሼ በደርግ ጊዜ መድፈኛ ነበር። የሠራው በሶቪየት መድፍ ነው እንጂ 5.5 ኢንች በዓይኑ አላየም። ግራ ጆሮው አይሰማም። ቤቱ ስንሄድ ሁላችንም በቀኙ በኩል ነው የምንሻማው። ጽሑፉን ሳነብለት አራት ሰው የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። "አራቱ ጥይት ሲሸከሙ ማን ይተኩሳል?" አለኝ።

ልክ ነው። የ5.5 ኢንቹ ምድብተኛ 10 ሰው ነው። ጥይቱ 45 ኪሎ ነው አልን። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከ5 ኪሎ ሲጎድልለት ማለት ነው። ግን ጤፍ ትከሻ ላይ ይተኛል፤ ይኼ የሚያዳልጥ ብረት ነው፣ ጭቃ ላይ ቆመህ፣ በጨለማ። ጥይቱን በመጫኛ ሰሌዳ አድርገው ከአፈሙዙ ኋላ ያቀርቡታል። ከዚያ በረጅም ዘንግ፣ ሰው ተጋግዞ፣ ባንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይወጋል። ጥይቱ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀበቶ አለው። ያ ቀበቶ የአፈሙዙን ጥርስ መንከስ አለበት። ካልነከሰ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲቀና ጥይቱ ተንሸራቶ ባሩዱ ላይ ይመለሳል። ያኔ የሚሆነውን ምድብተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚወጋው በሙሉ ጉልበቱ ነው።

ቀጥሎ ባሩዱ ይገባል። ቀለህ የለውም። በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ነው፤ ለቅርብ ዒላማ ያነሰ፣ ለሩቅ የበዛ። ስኳር እንደ መጨመር ነው፤ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ የኋላው መዝጊያ ገብቶ እንደ ብሎን ይዞራል። ማቀጣጠያዋ ትገባለች። ሁሉም ገለል ይላል። ገመዱ ይሳባል። ይህ ሁሉ በደቂቃ ሁለት ጊዜ።

ዒላማው ከመድፉ ፊት ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ካለፈስ? አፈሙዙ ከዚያ በላይ አይዞርም። የተቀበሩትን ሁለት እግሮች ነቅሎ፣ 6 ቶኑን በሰው ጉልበት አዙሮ፣ እንደገና መትከል ነው። ሩቅ ቦታ ሲሆን ማታዶር የሚባለው የኤኢሲ ከባድ መኪና ይጎትተዋል። አቅጣጫ ለመቀየር ግን ያው አሥሩ ሰው ነው። "በቀላሉ" የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ ላይ ደረስኩ። ከላይ ያነሳኋቸው የቁጥርና የዓመት ስህተቶች ናቸው፤ ይታረማሉ። ይኼኛው ግን ዕይታው ራሱ ነው። ጸሐፊው መድፉን እንደ ጀግና ነው የሚተርኩት። ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ያገሳል፣ ጠላት ይፈርሳል። ጽሑፉ ውስጥ ሬዲዮ የለም። ካርታ የለም። ዒላማ የሚያይ ሰው የለም።

ጋሼ ስለዚህ ሲጠየቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ "መድፍ ዕውር ነው። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ተኩሼ ጠላት ያየሁት ተማርኮ ሲመጣ ብቻ ነው።"

የእንግሊዝ መድፈኞች ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ ነው በኔ ግምት ታላቁ ታሪክ። ዓይኑ አንድ የመድፈኛ መኮንን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻምበል። ከእግረኛው ጋር ፊት መስመር ላይ ነው ያለው፤ ሬዲዮ አለው። የሚገርመው ሥልጣኑ ነው። እሱ "እባካችሁ ተኩሱልኝ" ብሎ አይለምንም፤ ያዛል። መድፎቹ ሁሉ ባንድ የካርታ ልኬት ላይ ስለተቀመጡ፣ አንድ ቦታ ሲጠራ ሁሉም ያውቀዋል።

አጠራሩም ቀላል ነው። "ማይክ" ካለ አንድ የመድፍ ሻለቃ ነው። "አንክል" ካለ የክፍለ ጦሩ መድፍ በሙሉ። "ቪክተር" የኮር፤ "ዊሊያም" የመላው ጦር። እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፦ "አንክል ታርጌት፣ አንክል ታርጌት፣ አንክል ታርጌት።" ካንድ ሻምበል አፍ ይህ ሲወጣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ስፋት የተበተኑ መድፎች አፈሙዛቸውን ወደ አንድ ነጥብ ያዞራሉ። ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ ፓርሃም የሚባል የመድፈኛ መኮንን ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል፦ አንድ መድፍ ዒላማውን በዝግታ እስኪለካ አትጠብቅ። ትንሽም ቢበታተን ብዙ መድፍ ባንዴ፣ ጠላት መሬት ላይ ሳይተኛ።

5.5 ኢንቹ በዚህ ውስጥ ቦታው የት ነው? መካከለኛ ሻለቃዎቹ 16 መድፍ ነበራቸው፤ ስምንት ስምንት ሆነው፣ ባትሪ በሚባል ሁለት የመድፍ ቡድን። ለአንድ ክፍለ ጦር አይሰጡም። ከ1942 ማብቂያ ጀምሮ አንድ ላይ ተሰብስበው፣ በኮርና በጦር ደረጃ ተይዘው፣ ዛሬ ይህን ክፍለ ጦር፣ ነገ ያንን ይደግፋሉ። ማለትም መድፉ ከየትኛውም እግረኛ ጋር አልተጋባም። የተጠራበት ይተኩሳል።

ውጤቱን ለማየት ኤል አላሜይን መሄድ አያስፈልግም። ጣሊያን ይበቃል። ሜይ 23 ቀን 1944፣ የሂትለር መስመር በሚባለው ምሽግ ላይ ጥቃት በሚካሄድበት ቀን፣ አኩዊኖ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ "ዊሊያም ታርጌት" ተጠራ። ጥሪው ከወጣ 33 ደቂቃ በኋላ 668 መድፎች አንድ ላይ ተኮሱ። 19 የሜዳ፣ 9 የመካከለኛ፣ 2 የከባድ መድፍ ሻለቃዎች ናቸው። 3,509 ጥይት ወረደ፤ 92 ቶን ገደማ።

33 ደቂቃ! እኔ ከቦሌ ሜክሲኮ ለመድረስ የሚፈጅብኝ ጊዜ፤ ያውም መንገዱ ከቀናኝ። በዚያች ጊዜ ውስጥ 668 መድፍ ሥራውን ጥሎ፣ ልክ አውጥቶ፣ ባሩድ ቆጥሮ፣ አንድ ላይ ተኩሷል። በ5.5 ኢንቹ ቦታ የአሜሪካኖቹ 155 ቆሞ ቢሆን አኩዊኖ የምትተርፍ ይመስላችኋል? አይመስለኝም። ሬዲዮዎቹ ተቋርጠው ቢሆን ግን ያ ሁሉ መድፍ ቆሞ ያያል።

"ጦርነቱ ሲያልቅ ሙዚየም ገባ" የሚለው በጣም ፈጥኗል። በ1960ዎቹ ከኛ ማዶ፣ በየመኗ ኤደን አካባቢ ባሉት ተራሮች እንግሊዞች ሲዋጉበት ነበር። ህንድና ፓኪስታን ሲዋጉም ነበር። እንግሊዝ አገር ራሷ፣ በተጠባባቂ ጦሯ ውስጥ፣ እስከ 1980 ድረስ አቆይታዋለች።

ደቡብ አፍሪካም ረጅም ዕድሜ አግኝቷል፤ ጂ2 የሚል ስም አውጥተውለት። በ1975 አንጎላ ይዘውት ገቡ። እዚያ ግን የገጠማቸው የሶቪየት መሣሪያ ነው። ቢኤም 21 ሮኬት 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የእኛም ሠራዊት በደርግ ዘመን የታጠቀው 130 ሚሊ ሜትር መድፍ ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር። ሽማግሌው 5.5 ኢንች 16 ተኩል ላይ ቆሟል። ደቡብ አፍሪካዎች ዝነኛውን ጂ5 መድፍ ወደ መሥራት የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግረው "130ዋን ነው የምትለኝ?" ብሎ በግራ እጁ ያንን የማይሰማውን ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጸሐፊው ሊያስተካክሉት የሚችሉት ቀላሉ ነገር እሱ ነው። ከጽሑፉ በላይ የተለጠፈው ትልቁ ፎቶ። ሰረገላው ትክክል ነው፣ ቀንዶቹም አሉ። አፈሙዙን ግን ልብ ብለው ይዩት። ቀጠን፣ ረዘም ያለ ነው። እሱ 5.5 ኢንች አይደለም። እህትየዋ ናት።